በአራት ጣት ያጠረው ፔዳል

የልብስ ሰፊዋ ቀኝ ጉልበት ከልጅነቷ ጀምሮ ከግማሽ በላይ አይታጠፍም። ስፌት ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያልፍ መኪና የለም። ዘንድሮ ሕመሙ ባሰባት፤ መሄድ ካቃታት እንጀራዋ ሊቋረጥ ነው።

የበርና የመስኮት በያጅ የሆነው ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ «እኔ እያለሁ?» ብሎ ተነሣ። ከትርፍራፊ ቱቦና ከአሮጌ ጎማ ብስክሌት ሠራላት። እጁ የለመደው በር ነውና የመጀመሪያው ብስክሌት የሁለት ሰው ሸክም ሆነ።

«ይሄ ብስክሌት ነው ወይስ የግቢ በር? የጎደለው እኮ ቁልፍ ብቻ ነው!» አለችው።

ስቆ አፈረሰው። ሁለተኛው ጌጥ የለው ኮተት የለው፣ በአንድ እጅ የሚነሣ ቀጭን ነገር ሆነ። ወጣችበት። ቀኙ ፔዳል ወደ ላይ ሲመጣ ግን ጉልበቷ እምቢ አለ። ዓይኗ በእንባ ተሞላ፤ ምን ይደበቃል፣ ተስፋ አድርጋ ነበር። ኋላ ከአንገቷ ሜትሯን አውርዳ ጉልበቷን ለካች።

«የቀኙን ፔዳል የያዘውን ብረት በአራት ጣት አሳጥረው» አለች።

በያጁ ደሙ ፈላ። «እትዬ፣ ሁለት ጎኑ እኩል ያልሆነ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም! ሰው ምን ይለኛል?»

«አንድ ትከሻው ዝቅ ላለ ሰው ስንት ኮት ሰፍቻለሁ መሰለህ? ልብስ ሲጠብ ሰውየው አይቆረጥም።»

እያጉረመረመ ቆረጠ፤ እያጉረመረመ በየደ።

ሚዛን እስክትይዝ አንድ ሳምንት ከግድግዳ ጋር ተላተመች። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ወንድሟ መቀመጫውን ይዞ እየሮጠ አስጀመራትና ለቀቃት። ግራ እግሯ ትልቅ ክብ፣ ቀኟ ትንሽ ክብ እየሠራ መንገዱ ከሥሯ ይሸሽ ጀመር። በእግሯ ስትሄድ ጥርሷን ነክሳ አንድ በአንድ ታልፈው የነበረው አጥር ሁሉ፣ ዛሬ አንዱን በቅጡ ሳታየው ሌላው ይመጣል። ዳገቱን በማታውቀው ጉልበት ወጣችው፤ ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ በአንገቷ ገባ። ጉድ እኮ ነው! ከበር የተረፈ ቱቦ ይህን ያደርጋል? እጇ መሪ ባይዝ ኖሮ አፏን ትይዝበት ነበር።

ከወደኋላ፣ ከሩቅ፣ የወንድሟ ድምፅ እያለከለከ መጣ።

«እትዬ! በሞቴ፣ ጠብቂኝ!»

በአርባ ሁለት ዓመቷ፣ ጠብቂኝ ያላት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልትቆምለት አሰበች። ከዚያ ግን፣ ይቅር ይበላትና፣ ፔዳሉን ይበልጥ ረገጠች።