የማያፈስ ጣሪያ

ሽባባው የተቸገረው የሠራው ጣሪያ አላፈስ ብሎ ነው። ሰው ቢሰማ ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

እስራኤል ውስጥ አፉላ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ያለውን ባለ ስድስት ሱቅ ሕንፃ ጣሪያ ለአሥራ አንድ ዓመት ሲጠግን ኖሯል። ዝናብ ገብቶ ውሃ በወረደ ቁጥር የሕንፃው ኃላፊ ኢሪት ትደውላለች። እሱም ከኮረብታው ሰፈር ከጊቫት ሃሞሬ በአውቶቡስ ወርዶ ሬንጁን ይቀባል። ከዚያ ኮርኒሱ መድረቁን ለማየት ወደ ልብስ ሰፊዋ እታገኝ ሱቅ ይገባል፤ እሷም ሻይ ትቀዳለታለች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚጠጣው ሻይ ያ ብቻ ነበር።

በሁለት ሺህ አራት ጣሪያውን በሙሉ አዲስ የሬንጅ ልጣፍ አለበሰው። ጥሩ አድርጎ መሥራቱ ጉድ አደረገው። ሦስት ክረምት ሙሉ ጠብ የምትል ውሃ ጠፋች፤ ስልኩም ጭጭ አለ።

ዝም ብሎ አይሄድም ወይ? አይሄድም። እታገኝ ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ያለ ጉዳይ ሱቋ ቢቀመጥ ሰው ምን ይላል? ይሉኝታ አጥንቱ ድረስ የገባ ሰው ነው። እቤቱ ተቀምጦ ብቸኝነት ይበላዋል።

በአራተኛው ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ እንደ ልማዱ የውሃ መውረጃውን ሊጠርግ ወጣ። ቅጠል ቀዳዳውን ደፍኖታል። መጥረጊያውን ይዞ ብዙ ቆመ። ከዚያ ሳይነካው ወረደ።

ዝናቡ ማክሰኞ ጣለ። ሽባባው ስልኩ አጠገብ ዋለ። ወደ ማታ ኢሪት ደወለች።

«ውሃው ጣሪያው ላይ ታቁሮ በግድግዳው ጠርዝ እታገኝ ሱቅ ገባ። የሙሽራ ቀሚስ ተበላሽቷል» አለችው በዕብራይስጥ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሽባባው፣ ብዙ ለፍተሃል፤ ደክመሃል። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይይዘዋል። የጣሪያውን ቁልፍ እታገኝ ጋ ተውልኝ።»

በማግስቱ ወጥቶ ቅጠሉን በእጁ ዛቀ። ከዚያ ቁልፉን ይዞ እታገኝ ሱቅ ገባ። ነጩ ቀሚስ ወንበር ላይ ተዘርግቷል፤ ደረቱ ላይ ቡናማ ውሃ ወርዶበታል።

«ቅጠሉን አይቼ ነው የተውሁት» አላት። «ካላፈሰሰ አልጠራም ብዬ።»

እታገኝ መርፌዋን አስቀመጠች።

«አባ ሽባባው፣ ሦስት ክረምት ዝናብ በጣለ ቁጥር ሁለት ብርጭቆ አወጣ ነበር» አለችው። «ኮርኒሱ ደረቅ ቢሆንስ፣ በሩ ክፍት አልነበረም?»

እሷ ቀሚሱን አንሥታ ጀርባዋን ሰጠችው። ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ እንደተደፉ ነበሩ። ሽባባው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።