የማያበራው ጥሎሽ

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ያለ ሰው ለቢያድግልኝ ታጭቶ አያውቅም። እኔ ታጭቻለሁ። ሰውዬው ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል፤ ከዚያ ሄዶ ሌላ ነገር ያመጣል። የስዕል እርሳስ ግዛልኝ ብዬው ሽቶ ገዝቶልኛል፤ ባለሱቁ «ሴት ልጅ የምትወደው ሽቶ ነው» ብሎት። በክረምት ጭቃ የምሄድበት ቦቲ ጫማ ስለው ባለተረከዝ ይዞልኝ መጣ። «ቦቲ ለእጮኛ አይሆንም አሉኝ» አለ። ማን እንዳለው አይናገርም። የእሱ መካሪዎች ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም መንገድ ዳር ተሰልፈው የሚጠብቁት ይመስለኛል።

ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አሁኑኑ ልናገር፤ አለበለዚያ ምን አየሽበት ማለታችሁ አይቀርም። ፍኖተ ሰላም ላይ የውሃ ፓምፕ ይጠግናል። በመስኖ ወቅት የአንድ ገበሬ ፓምፕ ቆመ ሲባል ምሳውን ትቶ ይሮጣል። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እወደዋለሁ። ግን ያላልኩትን ሲያመጣልኝ «ተባረክ» እያልኩ ዕድሜዬን ልጨርስ አልፈለግሁም።

ስለዚህ ስለ ጥሎሽ ሲጠይቀኝ ወርቁ ይቅርብኝ፣ ታብሌት ነው የምፈልገው አልኩት።

ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ላቦራቶሪ የለንም፤ ላቦራቶሪው የእኔ እጅ ነው። ልቡንም፣ ኩላሊቱንም፣ የበቆሎውንም አበባ የምስለው እኔ ነኝ። መብራት ደስ ሲለው ይመጣል፤ ኔትወርክ መኖሩን የሚያስታውሱ ደግሞ ሽማግሌዎች ናቸው። ባሕር ዳር ለስልጠና በሄድኩ ጊዜ አንዱ አሰልጣኝ አንድ ታብሌት ይዞ አየሁ። ገጹ ወረቀት ነው የሚመስለው። ከውስጡ ብርሃን አይተፋም፤ ቀለሙ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል፤ ይጻፍበታል፣ ይሳልበታል፣ መጽሐፍ ይነበብበታል፣ ሌላ ምንም አያውቅም። ለምኜው አንድ ቅጠል ሳልኩበት። ብዕሩ ልክ እንደ እርሳስ ሽር ሽር አለ። መልሼ ስሰጠው አለቅስ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለቢያድግልኝ አስረዳሁት። «እሺ» አለ። ያንን «እሺ» ደግሞ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ ፍኖተ ሰላም ወደሚገኘው የአሸናፊ ስልክ ቤት ወሰደኝ፤ መጀመሪያ የቅርቡን እንይ ብሎ። አጎቱ አያ ገነነም ተከትለውን መጡ። የጥሎሹ ቀን በወንዱ ወገን ስም የሚናገሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ የሚናገሩለትን ዕቃ ቀድመው ማየት አለባቸው።

«ይሄኛው ፉል ነው እህቴ» አለ አሸናፊ፣ ትልቅ የሚያበራ ታብሌት እያገላበጠ። «ካሜራው በለው፣ ስፒከሩ በለው! ፊልም ብታዪበት ሲኒማ ቤት ያለሽ ነው የሚመስልሽ።»

«መጻፊያ ነው የምፈልገው» አልኩት።

ብዕር አውጥቶ ሰጠኝ። ስጽፍ መዳፌን ገጹ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው። መዳፌ ያረፈበት ሁሉ መስመር ሆነ። ልብ ልስል ጀምሬ የዶሮ ዳና ወጣልኝ።

«እጅሽን አንሳ አድርጊና ጻፊ» አለኝ።

«ትኩስ ብረት ነው እንዴ?»

ከዚያ ይዤው ወደ ደጅ ወጣሁ። የቀትር ፀሐይ ሲያርፍበት ጽሑፉ ሁሉ ጠፍቶ የራሴ ፊት ብቻ ቀረ። «ይሄማ የሚያሳየኝ ፊቴን ነው። ፊቴን አውቀዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። አሸናፊ ተቀየመ። አያ ገነነ ግን ታብሌቱን ከእጁ ተቀብለው፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው አቅፈው ቆሙ።

«ልጄ፣ ጥሎሽ እኮ በሰው ፊት ነው የሚዘረጋው» አሉኝ። «አመድ የመሰለ ነገር ይዤ የአጎትሽን የዘሩን ምላስ ልችለው ነው?»

ይህን ሲሉ አያ ገነነ አልዋሹም። በእኛ ዘንድ ጥሎሽ ስጦታ ብቻ አይደለም፣ ፈተና ነው። ሚዜዎቹ ዕቃውን አንድ በአንድ ብድግ እያደረጉ ያሳያሉ፤ የሙሽሪት ወገን ደግሞ እንከን ይፈልጋል። የእኛ ቤት ፈታኝ አያ ዘሩ ናቸው። በአክስቴ ልጅ ሰርግ የቀለበቱን ወርቅ በጥርሳቸው ነክሰው አይተዋል። የቀሚሱን ጥለት ወደ ፀሐይ ዘርግተው «ሸማኔው ተኝቶ ነበር?» ብለዋል። ወርቅ የነከሱ ሰው በታብሌት ምን እንደሚያደርጉ መገመት አያስቸግርም።

ቢያድግልኝ አጎቱንም እኔንም አየ። ለሁለታችንም «እሺ» አለ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው ዕቃውን እንዳፈላለገና መንገድ ክፍት በሆነ ሰሞን በአውቶቡስ እንደላከ ሰማሁ። የትኛውን እንደላከ ግን አላወቅሁም፤ ሙሽሪት ጥሎሿን ቀድማ አታይም። ለታናሽ እህቴ ለሀኒ ብቻ በአሸናፊ ቤት የሆነውን ሁሉ አጫወትኳትና ነገርኳት፦ የሚያበራው ከመጣ ከጓዳ አልወጣም።

«በናትሽ ወይኒ! በታብሌት ሰርግ ይቀራል? ሼም ነው!»

«በታብሌት አይደለም። በእሺ ነው።»

የሰርጉ ቀን ከጥምቀት በኋላ ነበር። እኔ ተሞሽሬ ጓዳ ተቀምጫለሁ። ጸጉሬ እንዳይበላሽ ወደ ግድግዳው መጠጋት ስለማልችል፣ ሀኒ አንድ ዓይኗን የጭቃው ስንጥቅ ላይ ለጥፋ እንደ ኳስ ጨዋታ ታስተላልፍልኛለች። ዳሱ ከግድግዳው ማዶ ስለሆነ ድምፁን እኔም እሰማለሁ።

«ቀሚሱ ወጣ። አያ ዘሩ አዩት። ገለበጡት። አሽተቱት!»

«ይለፍ!» አሉ አያ ዘሩ፣ እንደማይፈልግ ሰው።

«ጫማ። ባለተረከዝ።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አልኩ።

ዣንጥላው አለፈ፤ ሽቶው አለፈ።

«ይኸስ ምንድን ነው?» አሉ አያ ዘሩ።

«ታብሌት ነው አባቴ» አለ ሚዜው።

«እስቲ አብሩት!»

«በርቷል አባቴ።»

«በርቷል? ይኸ ነው የበራው? ኧረግ ኧረግ! ኩራዝ እንኳ ከዚህ ይሻላል! ሰዎች፣ የሞተ ዕቃ ይዘውልን መጡ። የሞተ ነገር ለቅሶ ቤት ይወሰዳል እንጂ ሰርግ ቤት ይመጣል?»

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። መጥቷል! አመድ የመሰለው፣ የሞተው፣ የእኔው!

ደስታዬ አንድ ጉንጭ ጠላ የሚያስጠጣ ጊዜም አልቆየም። የአያ ገነነ ሳል ተሰማ።

«ወገኖቼ፣ አትቸኩሉ። ያ የልጆች ጨዋታ ነው። ዋናው ገና ነው» አሉ።

«ወይ ጉድ» አለች ሀኒ። «ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። የአሸናፊው ነው! አበሩት! በናትሽ እንዴት ፏ ብሏል!»

እልልታው ቀለጠ። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ፤ የእኛዎቹ ሴቶችም የወንዱ ወገን እስኪመስሉ ድረስ እልል አሉ። አያ ዘሩ እንኳ «እንዲህ ነው እንጂ» ሲሉ ሰማሁ።

«እሱስ? ቢያድግልኝ ምን ይላል?»

«ምንም። አንገቱን ደፍቷል።»

ሙሽራ በዚያ ሰዓት አይናገርም። አንገት ደፍቶ መቀመጥ ወጉ ነው፤ አንደበቱ አጎቱ ናቸው። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ ተሰበረ፤ ይህን በቀልድ አላልፈውም። ነገም ከነገ ወዲያም፣ ልጅ ስንወልድ፣ ቤት ስንሠራ፣ እኔ አንድ ነገር ስል ሌሎች ሌላ እያሉ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ታየኝ። እጄን ወደ ራሴ ሰድጄ የቬሎውን መርፌ ቁልፍ መንቀል ጀመርኩ።

«ወይኒ ተይ! ቆይ! ኧረ ተነሳ!»

«ማን?»

«እሱ ነዋ!»

ከግድግዳው ማዶ ድምፁ መጣ፤ ፓምፕ ሲያስነሳ እንደሚጮኸው ሳይሆን ቀስ ብሎ። «አያ ገነነ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ የእርስዎ ነው። የኔ ጥሎሽ ይኸኛው ነው።»

«አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ!»

«አልቀመጥም።»

ያን ሰውዬ ካወቅሁት ጀምሮ እምቢ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። መርፌ ቁልፉ በእጄ እንዳለ ቀረሁ።

«ተወው ይናገር ገነነ» አሉ አያ ዘሩ። የሚነክሱት ነገር እንዳገኙ ድምፃቸው ያስታውቃል። «እስቲ ንገረን ሙሽራው። ይኸ የሞተ ዕቃ ከዚያ ከሚያበራው በምን ይበልጣል?»

«አላውቅም» አለ ቢያድግልኝ።

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። እሱ ዝም ብሎ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እውነቴን ነው፣ አላውቅም። እኔን ከጠየቁኝ ያኛው ይሻላል። ቀለም አለው፣ ፊልም ያሳያል። ስለዚህኛው ደጋግማ አስረድታኝ አልገባኝም። እሷ ግን ያለችው ይኸን ነው።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ገብቶት ቢያመጣው ደስ ይለኝ ነበር። ሳይገባው ማምጣቱ ግን አንጀቴን በላው። ሀኒ ከስንጥቁ ዞር ብላ ስታየኝ ጮኸች፦ «ሜካፑ!»

አያ ዘሩ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ሁለቱንም ወዲህ አምጧቸው» አሉ፤ የቀሚሱን ጥለት ወደሚመረምሩበት ወደ ፀሐይ ወጡ። መጀመሪያ የሚያበራውን ያዙ። አጠጉት፣ አራቁት፣ አጋደሉት።

«ይኸማ የሚያሳየኝ የራሴን ፊት ነው» አሉ። «ፊቴን አውቀዋለሁ።»

ሀኒ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ እኮ እሳቸውን ነሽ» አለችኝ።

ቀጥለው አመዱን ያዙ። «ባዶ ነው?»

«ዳዊት አለበት» አለ ቢያድግልኝ። «እናቴ ባዶ ዕቃ ሰው ቤት አይወሰድም ብላ አስሞላችኝ።»

እውነት ነው፤ በእኛ አገር እንስራም ሌማትም ባዶውን አይሄድም፤ ታብሌትም ከዚህ አላመለጠም። ቢያድግልኝ ቀርቦ ፊደሉን በሁለት ጣቱ ለጠጠላቸው። አያ ዘሩ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። መነጽር አድርጉ ሲባሉ «ያረጀ ሰው ያድርግ» ይላሉ። ስለዚህ ዳዊታቸው ተሸፍኖ መስቀያው ላይ ነው የሚውለው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም ደፍሮ አያነሳባቸውም። አሁን እዚያ ፀሐይ ላይ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ድምፃቸው ወጣ። ሰርገኛው መጀመሪያ ለነገር የሚያሾፉ መስሎት ፈገግ አለ፤ ቆይቶ ግን ቆቡን አወለቀ።

አነበቡ። ገጽ እንዴት እንደሚገለጥ ማሳየት እንኳ አላስፈለገም፤ በጣታቸው እየገፉ አነበቡ። ሚዜዎቹ ሰዓታቸውን አዩ። ሹፌሮቹ ጥሩምባ ነፉ። አያ ገነነ የሚያበራውን ታብሌት መልሰው ጋቢያቸው ሥር ከተቱት፤ ብርሃኑ በጋቢው ውስጥ ለውስጥ ይታይ ነበር።

በመጨረሻ የሚጠራኝ ሲጠፋ ራሴ ወጣሁ። ሙሽሪት ሳትጠራ አትወጣም፤ ግን በዚያ ቀን ወጉን ያልጣሰ ማን ነበር? ኩሉ ጉንጬ ላይ እንደወረደ ሄጄ እጄን ዘረጋሁ።

«አያ ዘሩ፣ ይስጡኝ እንጂ። መሄዴ እኮ ነው።»

«ቆይ ልጄ» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ይችን መዝሙር ብቻ ልጨርስ።»

በትከሻቸው አሻግሬ አየሁ። መቶ አሥራ ስምንት ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከመዝሙሮቹ ሁሉ ረጅሙ ነው። አያ ዘሩም ገና መጀመሪያው ላይ ናቸው።

ቢያድግልኝ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ያለቀሰውን ፊቴን አየና ደነገጠ። «ምነው? የተሳሳተውን አመጣሁ እንዴ?»

«አይ» አልኩት። «ትክክለኛውን ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከኋላችን ጥሩምባው እንደገና ጮኸ። «ታዲያ ምን ይሻላል? ከእጃቸው እንቀማቸው?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

አያ ዘሩን አየ፤ ጣታቸው ፊደሉ ላይ ነው፤ ፊታቸውን እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «እኔማ ይጨርሱ ነው የምለው» አለ። «ቁጭ ብለን እንጠብቃቸው።»

የሙሽራው መኪና አበባ ሲጠወልግ፣ ቬሎዬ አቧራ ሲጠጣ፣ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ታየኝ። እምቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ።

«እሺ» አልኩት። ከዚያም ዳሱ ጥግ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱ እንዳለው፣ ቁጭ አልኩ።