ሰንበቴ ላይ ያልተባለው አሜን

አቶ በላይ ልጃቸው የሻረግ አዲስ አበባ ኮሌጅ መግባቷን መጀመሪያ የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ያ ሰው የአውቶቡስ ረዳት ሆነና ወሬው ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። በማግስቱ መርሳ ገበያ ላይ የማያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ «እንኳን ደስ ያለዎት» እያሉ ይጨብጧቸው ጀመር። ያን ሰሞን የአቶ በላይ አካሄድ ራሱ ተለወጠ።

ነገሩ በእርግጥ ያኮራል። የሻረግ የንግድ ሥራ ትምህርቷን ደሴ ጨርሳ፣ ወልድያ አንድ የጥጥ ነጋዴ ዘንድ ሂሳብ ያዥ ከሆነች ሁለት ዓመቷ ነው። በ1964 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ ሁለት ደብዳቤ ደረሳት። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ስሙ ሲጠራ ሰው ብድግ ከሚልለት ኮሌጅ ነው። ከፍተኛውን የሂሳብ ትምህርት በሁለት ዓመት ይሰጣል፤ ክፍያው ግን አይቀመስም። ሌላው ደሴ አዲስ ከተከፈተ የማታ ክፍል ነው። ሦስት ዓመት ይፈጃል፣ ስሙን የሚያውቀው የለም፤ አስተማሪዎቹ ግን ሥራቸውን የሚያውቁ የሂሳብ መርማሪዎች ናቸው፣ ዋጋውም የዚያኛውን ሩብ አይሞላም። ነጋዴውም ደሴ ባለው መጋዘን ቀን ቀን ልትሠራ ብትፈልግ ደስ ይለኛል ብሏታል።

አቶ በላይ ስለ ሁለተኛው ደብዳቤ ሲሰሙ ሳቁ። «ደሴንማ ጨርሰሽ የመጣሽው አይደለም ወይ!» አሉ፤ ነገሩም በዚያ ተዘጋ። ለአዲስ አበባው ክፍያ የብርቱካን ማሳቸውን ለግራና ከተማው ባለገንዘብ ለሙሐመድዘይን በወለድ አገድ ሊሰጡ ተስማሙ፤ እሱ ብሩን ይሰጣል፣ ብሩ እስኪመለስለት ድረስም ፍሬውን ይለቅማል። ታናሿ ገነት ደግሞ ዘንድሮ ወልድያ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል የምትገባው በዚያ ፍሬ ነበር። የሻረግ «ገነትስ?» ብላ ብትጠይቅ «እሷ ትቆይ» አሏት።

የሻረግ አዲስ አበባን አልፈለገችም ማለት ውሸት ነው። ፈልጋለች፣ ያውም አምርራ። ደብዳቤውን ከመግለጧ ብዛት እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። ገነትን ባየች ቁጥር ግን ሆዷ እሺ አልላት አለ። ለአባባ ልንገር፣ አልንገር ስትል እሁድ ደረሰ።

እሁድ ሰንበቴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰብስቦ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መንገደኛ ካለም ይመረቃል። ድግሱ የአቶ በላይ ተራ ነበርና ጠላው ተትረፍርፏል። መሶቡ ከተነሣ በኋላ መምሬ አስፋው መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ የሻረግም ነጠላዋን አጣፍታ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«ዕድሜ ይስጥሽ!»

«አሜን!» አለ ሰዉ፤ እሷም አለች።

«አዲስ አበባ በሰላም አግብቶ የልፋትሽን ፍሬ ያሳይሽ!»

ሰዉ «አሜን» አለ። የሻረግ ዝም አለች። ተመራቂ አፉን ሲዘጋ መርሳ ላይ ታይቶ አይታወቅም። መምሬ ያልሰማች መስሏቸው ደገሙላት። አሁንም ዝም።

«ምን ነካሽ?» አሉ አቶ በላይ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ፊት አሜን ብዬ ልዋሽ አልችልም። ገነትን አስቀርቼ የምማረው ትምህርት አይገባኝም። ደሴ እየሠራሁ ልማር።» እንባዋ ወረደ።

«በሰው ፊት አዋረድሽኝ እኮ!»

«ቀድመው ቢጠይቁኝ ቤት እነግርዎት ነበር» አለች ቀስ ብላ።

እውነቷን ነው፤ አቶ በላይ ለአውቶቡስ ረዳት ነግረዋል፣ ለሙሐመድዘይን ነግረዋል፣ ለመምሬ ነግረዋል። እሷን አልጠየቋትም። ቀና ሲሉ ገነት ከሴቶቹ ኋላ ቆማ ትንፋሿን ውጣ ታያቸዋለች። አፍረው ዐይናቸውን ሰበሩ።

«ኧረ አቶ በላይ፣ እጄ ዛለ» አሉ መምሬ መስቀሉን እንደያዙ። «ወዴት ልበል?»

አቶ በላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ትልቋ ልጃቸው ዞሩ።

«ወዴት ይበሉ፣ የሻረግ?»

«ደሴ» አለች።

«እንግዲያው ደሴ ይበሉ፣ መምሬ» አሉ አቶ በላይ፣ ማኅበሩ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ገነትንም ወልድያ ይበሉልኝ።»