ስለ ስድስቱ አግዳሚዎች የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ኣረፋይነ በአርባ አንድ ዓመቱ ቄስ ለመሆን ሲማር ከሁሉ የከበደው ስብከት አልነበረም። ስብከቱን ድሮም ይችልበታል፤ ቀን ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ እየጫነ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ በወንጌላዊነት ሲሰብክ ስምንት ዓመት ሆኖታል። የከበደው የስብሰባ ሥርዓት ነው። በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ብቻውን አይወስንም። የሚወስኑት ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ በጉባኤ ተቀምጠው፣ ተከራክረው፣ እጅ አውጥተው። ቄሱ ስብሰባውን ይመራል እንጂ ድምፅ አይሰጥም። ይህን ሁሉ የያዘው የሥርዓት መጽሐፍ ሁለት መቶ አሥር ገጽ ነው፤ የተሰጠውም በአማርኛ ነው። ኣረፋይነ በትግርኛ ያስባል፣ በአማርኛ ይሸመድዳል። ሻንጣ እየጫነ «ምልዓተ ጉባኤ፣ ምልዓተ ጉባኤ» ሲል የሰማው ባልደረባው ጸሎት መስሎት «አሜን» ብሎታል።

ቤተ ክርስቲያኗ ሓድነት በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ናት። ከጦርነቱ በፊት አምስት ሽማግሌዎች ነበሯት። አንዱ ሞቱ፤ ሁለቱ ከከተማ ወጥተው አልተመለሱም። የቀሩት ሁለቱ፣ ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህርት አደይ ለተመድህንና አናጺው ኣቦይ ገብረመስቀል ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የሚኒባስ ሾፌሩ ኣለምሰገድ ተመርጦ ሦስት ሆኑ። ሦስት ደግሞ መጽሐፉ ለስብሰባ የሚጠይቀው ትንሹ ቁጥር ነው።

አደይ ለተመድህንና ኣቦይ ገብረመስቀል ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። በስብሰባ ላይ አደይ ለተመድህን «ለአቶ ገብረመስቀል ይነገርልኝ» ይላሉ፤ ኣለምሰገድ ይነግራል፤ ኣቦይ ገብረመስቀል ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ምክንያቱን የማያውቅ ምእመን የለም። በ2014 ጥር፣ አዳራሹ በተፈናቃይ ተሞልቶ ሳለ፣ ኣቦይ ገብረመስቀል የቤተ ክርስቲያኗን ስድስት አግዳሚ ወንበሮች ፈልጠው ማገዶ አደረጓቸው። የሠሯቸውም ራሳቸው ነበሩ። ቢሆንም ንብረቱ የጉባኤው ነው፤ ጉባኤው ደግሞ አልተጠየቀም።

የኣረፋይነ ፈተና እውነተኛ ስብሰባ መምራት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ቄስ ወረቀታቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡና «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አሉ።

በጸሎት ከፈተ። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን አስታወቀ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነበር፤ የጣሪያው ጥገና። «የሚጨመር አጀንዳ አለ?» ብሎ የጠየቀውም መጽሐፉ ጠይቅ ስለሚል እንጂ ይኖራል ብሎ አልነበረም።

አደይ ለተመድህን እጃቸውን አወጡ። «የአግዳሚዎቹ ጉዳይ ይያዝልኝ።»

ኣረፋይነ ወደ ፈታኙ ዞረ። ፈታኙ ጣሪያውን ያያሉ።

«የሚደግፍ አለ?»

«እኔ» አለ ኣለምሰገድ። «መልእክት ማመላለስ ደክሞኛል።»

ኣቦይ ገብረመስቀል ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሡ። «ለወይዘሮ ለተመድህን ይነገርልኝ...»

«በሥርዓቱ ንግግር ለሰብሳቢው ነው» አለ ኣረፋይነ። «ለእኔ ይንገሩኝ ኣቦይ፤ እሳቸውም ይሰማሉ።»

«እሺ ሰብሳቢ። እዚህ ውስጥ አሥራ አንድ ቤተሰብ ነበር። ጣይባ የምትባል የወሎ ልጅ ምጥ ያዛት። ውኃ መፍላት ነበረበት፤ እንጨት አልነበረም። ይኸው ነው።»

«ይህንን ማን ካደ?» አሉ አደይ ለተመድህን። «እኔም እኮ እዚሁ ነበርኩ። ውኃውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ብጠየቅ እሺ እል ነበር። አልተጠየቅሁም።»

«የሚጠየቀው ጉባኤው ነው» አሉ ኣቦይ ገብረመስቀል፣ አሁንም ኣረፋይነን እያዩ። «ያን ጊዜ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን። ሁለት ሰው ጉባኤ አይሆንም። ጠይቄያቸው እሺ ቢሉኝ ሁለታችንም ሕግ አፍራሽ ልንሆን ነው። ጥፋቱ በእኔ ብቻ ይቅር አልኩ።»

አደይ ለተመድህን መጽሐፉን ጠየቁ። ኣረፋይነ ገጹን በቃሉ ያውቀው ነበርና ገልጦ ሰጣቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ የተማሪ ወረቀት እንደሚያርም ሰው በጣታቸው እየተከተሉ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ትክክል ነው» አሉ። ከዚያም መነጽራቸውን ሳያወልቁ በቀጥታ ወደ ኣቦይ ገብረመስቀል ዞሩ። «ይህንን ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«አያናግሩኝማ።»

ሽማግሌዎች በሰብሳቢው በኩል ካልሆነ እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ መጽሐፉ ይከለክላል። ኣረፋይነ ይህንንም በቃሉ ያውቀዋል። አላስቆማቸውም። ሁለቱ ስለዚያ ጥር፣ ስለ ሕፃኗ፣ የመጨረሻው አግዳሚ ጽድ ስለነበረ እንዴት ደህና አድርጎ እንደነደደ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ከእሱ በቀር ሁሉም ዋንዛ ነበር አሉ ኣቦይ ገብረመስቀል፤ አደይ ለተመድህን ዋንዛ አልነበረም ብለው ተከራከሩ። ኣለምሰገድ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ሰብሳቢውን ያያል።

በመጨረሻ የውሳኔ ሐሳቡን ያቀረቡት አደይ ለተመድህን ራሳቸው ናቸው። ኣለምሰገድ ደገፈ። ኣቦይ ገብረመስቀል ጉዳዩ ይመለከታቸዋልና ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ኣረፋይነ ውሳኔውን ሊያውጅ ቆመ፤ የሸመደደው አማርኛ ጥሎት ጠፋ። «ጸዲቑ» አለ በትግርኛ፤ ጸድቋል ማለቱ ነው።

አደይ ለተመድህን በቁም ጽሕፈታቸው እንዲህ ብለው መዘገቡ፦ «ጉባኤው በጥር 2014 ዓ.ም. ስድስት አግዳሚ ወንበሮች መቃጠላቸውን መርምሮ፣ ቢጠየቅ ኖሮ ይፈቅድ እንደነበር በማረጋገጥ፣ ዛሬ ፈቅዷል።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፈታኙ ወረቀታቸውን አጠፉ። «ሁለት ስህተት አለብህ። ሽማግሌዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ አላስቆምክም። ስብሰባውን በጸሎት ሳትዘጋ ተነሣህ።»

«ማስቆም ነበረብኝ አባቴ?»

ትንሽ አሰቡ። «እኔም ብሆን አላስቆምም። ነጥቡ ግን ይቀነሳል።»

ሰባ አንድ አገኘ፤ ማለፊያው ሰባ ነበር።

በሰኔ ተሾመ። አዳራሹ መሐል ተንበረከከ፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑበት፤ ተጸለየ፤ «አሜን» ተባለ። ኣረፋይነ እንደተንበረከከ ቀረ። መጽሐፉ ሰው መቼ እንደሚንበረከክ እንጂ መቼ እንደሚነሣ አይልም። ምእመኑም ጠበቀ። ኋላ ኣቦይ ገብረመስቀል በአንድ ብብቱ፣ አደይ ለተመድህን በሌላው ገብተው ብድግ አደረጉት።