የቁርቁራው ከሰል

ታሂር ቁርቁራውን ሊቆርጥ የተነሳው፣ የማንጎ ችግኞቼን ጥላ ገደለብኝ ብሎ ነው። ልጄ ነው፤ ችኩልነቱ ግን ከኔ አይደለም። ዛፉ ጓሯችን መሐል ራሱ በቀለ፤ ፍየል እንዳይጨርሰው በእሾህ አጥሬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እሱ ግን ዛፍ ቆራጭ ለሐሙስ ቀጥሯል።

ማክሰኞ የትናየት የምትባል ልጅ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። ከቆቦ በባጃጅ፣ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ። የየሰዉን ጓሮ ዛፍ ትለካለች፤ ምን ትቆርጣላችሁ፣ ምን ትተዋላችሁ ትላለች።

«በደረት ቁመት ነው የምንለካው፣ እማማ።»

«በማን ደረት? ያንቺ ደረት እኔ አናት ላይ ነው።»

ሳቀች። አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው ብላ ሜትሩን ግንዱ ላይ አዞረች።

«ብዙ ካርቦን ይዟል» አለች።

«ካርቦን ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ታሂር።

ጥቂት አሰበች። «ከሰል ውስጥ ያለው ነገር ነው። ዛፉ ካየሩ እየሳበ ግንዱ ውስጥ ያስቀምጠዋል።»

ያን ቃል ባታወጣው ይሻል ነበር። ታሂር ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ ቃኘው።

«ስንት ጆንያ ይወጣዋል?»

«ኧረ የሚጠቅመው ሲቆም ነው። ካከሰልከው ተመልሶ አየር ላይ ነው።»

«አየሩ የኔ አይደለም። ጓሮው ነው የኔ።»

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ልጄን ግን አውቀዋለሁ። በአየር አይያዝም።

«ቁረጠው» አልኩት። «መጀመሪያ ግን ቅጠሉን ሸምጥጠህ አድርቅልኝ።»

«ለምን፣ እማየ?»

«ለሬሳዬ ትጥበት። የዚህ ሰፈር ጀናዛ በየትኛው ቁርቁራ ቅጠል ነው የሚታጠበው? አባትህስ በየትኛው ታጠበ? ስሞት ቅጠል ፍለጋ ጎብዬ ድረስ እንዳትንከራተት ብዬ ነው። ጎረቤት ምን እያደረቅክ ነው ካለህ፣ የእናቴን በለው።»

ታሂር ጎንበስ ብሎ የማንጎ ችግኞቹን ነካካ። ልጅቱም ወረቀቷን ማየት ጀመረች።

ሐሙስ ቆራጩ መጣ። ታሂር ግንዱን አላስነካም፤ ማንጎው ላይ ያጠሉትን ሦስት ቅርንጫፎች ብቻ አስወረደ። ቅጠሉን ፍየሎች በሉት፣ እሾሁ ለአጥር ሆነ።

ቅዳሜ የትናየት የቀሯትን ቤቶች ልትለካ ስትመለስ እኛም ጋ ገባች። ሜትሩን ዳግመኛ አዞረች።

«ያው ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል አስቆምኳት።

«ሦስት ቅርንጫፍ ወርዷል እኮ። ዓይንሽ የት ነው?»

«ሜትሩ ግንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው፣ እማማ።»

«እንግዲያ እሱ የማያውቀውን አንቺ ጻፊ። አስቆርጠዋል በይ። በኔ ጓሮ ውሸት አይጻፍም።»

ከግርጌው ጻፈችው፤ አነበበችልኝም። እኔ ቀና ብዬ የቀረውን ቅጠል አየሁ። ለኔ ይበቃል፤ ለታሂርም ይተርፋል።