ጎጆዋ ያለችበት ግቢ

በጥር 1967 ዓ.ም. መምህር ይርዳው ቤት ሊገዛ ደብረ ታቦርን እንደ ዳኛ ዞራት። የሚገዛው ለማከራየት ነው። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። የሚኖርባት የሣር ክዳን ቤት ክረምት በመጣ ቁጥር ታፈሳለች። በእርጅናው ጉና ተራራ ሥር ካለው ወንድሙ ደጅ ገብስ ለመለመን መሄድ ደግሞ ለእሱ ከሞት አይተናነስም።

"ተከራይ ማለት ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ ነው" ይላት ነበር ሚስቱን አለምወርቅን። "መጀመሪያ ሽንት ቤቱን ያያል፤ ቀጥሎ ውኃውን። የበር ቀለም የሚያሳይሽ ደላላ ሌባ ነው!"

አንዱን ቤት ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል ብሎ ተወው። ከሌላኛው የጎርፍ መንገድ ላይ ነው ብሎ ከባለቤቱ ጋር ተሰዳድቦ ወጣ። ሦስተኛው የእማሆይ አበበች ቤት ነበር። ቆርቆሮው ደህና፣ የውኃ ጉድጓዱ በበጋ የማይደርቅ፣ ለሆስፒታሉም ቅርብ። ዋጋውም ወርዷል፤ እማሆይ በግቢው ጥግ ያለችውን የጸሎት ጎጆ አልለቅም ብለው ነበርና።

"ትልቁን ቤት ውሰደው፣ ልጄ። እኔን ግን እስክሞት ከዚህች ጎጆ እንዳታስወጣኝ።"

ይርዳው አያቸው። ሲያስሉ መቋሚያቸው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ፋሲካን አያዩም ብሎ ገመተ፤ ግምቱንም ከቆርቆሮውና ከጉድጓዱ ጋር ከቤቱ መልካም ነገሮች ቆጠረው።

ውሉ ሲፈረም ቄስ ማሩ መስቀላቸውን ይዘው ገዘቱ፤ ቃሉን ያፈረሰ ከሕያዋን ይለይ አሉ። ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ይርዳውም አለ። እማሆይ ጠጋ ብለው የክርስትና ስሙን ጠየቁት፤ በጸሎታቸው ሊያስቡት።

"ገብረ ማርያም" አላቸው፣ የተማረ ሰው እንደ ሕፃን ሲጠየቅ እንደሚያፍረው እያፈረ።

ፋሲካ መጣና ሄደ። እማሆይ አልሞቱም፤ ሳላቸውም ለቀቃቸው። በግንቦት መጨረሻ ተከራዩ፣ ከሸዋ የመጣው የሆስፒታሉ ድሬሰር በላይነህ፣ ቁልፉን ይዞ ይርዳው ቤት መጣ።

"ጋሼ ይርዳው፣ ልለቅ ነው።"

"ምን ጎደለህ? ሽንት ቤቱ ሞላ?"

"ኧረ የለም። እማሆይ ጎህ ሲቀድ የሙታን ስም ይጠራሉ። ሆስፒታል ሬሳ ስገንዝ ውዬ ቤቴ ደግሞ ሬሳ ልቁጠር?"

"ድሬሰር አይደለህ? ጆሮህን በጥጥ ድፈነዋ!"

በላይነህ ሳቀ። "መጨረሻ ላይ አንዱን ስም ደጋግመው ይጠሩታል። ገብረ ማርያም ይላሉ። ማን ነው እሱ?"

ይርዳው ጋቢውን እንኳ ሳያነሳ ጎጆዋ ደጅ ደረሰ።

"እማሆይ! እኔን ከሙታን ጋር ይጠሩኛል?"

"ከእነሱ ቀጥዬ ነው የምጠራህ" አሉ፣ ከመደባቸው ሳይነሡ። "አንተ የኔን ሞት ትጠብቃለህ፤ እኔ ያንተን ነፍስ እጠብቃለሁ። ምን አስቆጣህ?"

በማግስቱ ሠራተኞች ይዞ መጣ። ሣሩ በስብሷል፣ ክረምቱ ሳይጠና ላሳድስልዎ፣ እስከዚያ ገሳይ ሄደው ከእህትዎ ልጅ ዘንድ ይሰንብቱ አላቸው። ግዝቱ አታስወጣ ነው የሚለው፤ እሱ መቼ አስወጣ? አሳደሰ እንጂ! እንዲህ ያለውን ብልጠት የትኛውም ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ የተማረ ሰው ግን ሲፈልገው አያጣውም። እማሆይ በሰኔ ዝናብ በበቅሎ ሄዱ። ጎጆዋ ጣራዋ ተነሥቶ ግድግዳዋ ብቻ ቀረ። በሁለተኛው ሳምንት እዚያው ገሳይ ሳሉ ማረፋቸው ተሰማ።

እንዳይለቅ ተለምኖ ቆይቶ የነበረው በላይነህ እንደገና መጣ። አሁን አይስቅም።

"የሙታኑ ስም ቀርቷል፣ ጋሼ" አለ። "ያ አንዱ ግን አልቀረም።" ቁልፉን መደቡ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

በሐምሌ የከተማ ቤት አዋጁ በሬዲዮ ተነገረ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት መርጦ ያስቀራል፤ ትርፉ የመንግሥት ነው።

"ይቺን የኛን እንያዝ" አለች አለምወርቅ። "ታፍስስ።"

"ቆርቆሮ ቤት ሰጥቼ ሣር ቤት ልኑር? ምን አጥፍቼ?"

"ግዝቱን ረሳኸው?"

"ግዝት እንደ ምስጥ ምሰሶ አይበላም!"

በምዝገባው ቀን ቤት መዝጋቢው ገሰሰ፣ የድሮ ተማሪው፣ ብዕሩን አነሣ። "መምህር፣ ለተከራይ የመረጡትን ለራስዎ አደረጉት?"

"ጻፍ! ጥሩ ቤት ስለሆነ ነው የመረጥኩት።"

በነሐሴ ገቡበት። ቤቱ ምንም እንከን አልነበረበትም። አንዲት ጠብታ አልገባችም፤ ጉድጓዱም ሞልቷል። በመጀመሪያው ንጋት ግን ዝናቡ ጋብ ሲል ይርዳው የክርስትና ስሙን ሰማ። ድምፁ ጣራ ከሌላት ጎጆ ይመጣል፤ ቀስ ያለ፣ ቁጣ የሌለበት። ጆሮዬ ነው አለ። በሁለተኛው ንጋት አለምወርቅን ቀሰቀሳት፤ እሷ የሰማችው የዝናቡን ጠብታ ብቻ ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ንጋቱን ሳይጠብቅ ተነሥቶ ወጣ።

ሲነጋ ገሰሰ እየሮጠ ደረሰ። ይርዳው ወደ አሮጌ ቤቱ ተመልሶ ጣራውን ሲነቅል አድሯል። እርጥቡን ሣር በጀርባው አግዞ የጎጆዋ ግድግዳ ላይ ወጥቷል፤ ሣሩን ባስቀመጠ ቁጥር ይንሸራተትበታል። በነሐሴ ዝናብ ጎጆ እንደማይከደን ደግሞ ጉና ሥር ለተወለደ ሰው አይነገርም።

"መምህር! የመንግሥት ቤት እኮ ነው ያፈረሱት! ይውረዱ!"

ይርዳው ወደ ገሰሰ አልዞረም። ወደ ባዶዋ ጎጆ አጎንብሶ ይሟገት ነበር።

"አላስወጣሁም ብያለሁ! ይኸው፣ እያደስኩ ነው!"

ጆሮውን ወደ ታች ጣል ሲያደርግ ስሙን እንደገና ሰማ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ሣሩን ከእጁ ለቀቀው።

"አቤት" አለ፣ ቀስ ብሎ።