ሽንኩርት የሌለው ድግስ

የህንዳዊው መምህር የሚስተር ዶሺ ማረፍ ቆቦ የተሰማው በስልክ ነው። የወንድማቸው ልጅ ከህንድ አገር የላከው ፎቶ የድሮ ተማሪዎቻቸው ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ታሂር መነጽሩን ወልውሎ ወልውሎ አየው። ፀጉራቸውን የተላጩ፣ ነጭ ያጣፉ፣ በባዶ እግራቸው የቆሙ ሽማግሌ ናቸው። አፋቸው ላይ ነጭ ጨርቅ አስረዋል።

«ኮሮና እዚያ አገር እስካሁን አልለቀቀም እንዴ?» አለ ጋሹ፣ በታሂር ትከሻ ላይ አጮልቆ እያየ።

ኮሮና አልነበረም። ሚስተር ዶሺ ቆቦ አስተምረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጃይን በሚባለው የአባቶቻቸው ሃይማኖት መንኩሰዋል። ቤት ንብረታቸውን ትተው፣ ከመንደር መንደር በእግራቸው እየዞሩ የደሃ ልጅ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ጨርቁ ትንኝ አፋቸው ገብታ እንዳትሞት ነው።

ታሂር ከፎቶው ሥር ይህን አንብቦ አለቀሰ። ሒሳብ አስተምሮ በክብር ጡረታ የወጣው፣ ልጆቹንም ለወግ ለማዕረግ ያበቃው በእኚህ ሰው ነው። በተማሪነታቸው እሱ ከዋጃ፣ ጋሹ ከሮቢት፣ ሙንተሲር ደግሞ ከጎብዬ ስንቃቸውን ተሸክመው መጥተው ቆቦ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው ነበር። ስንቁ ሁልጊዜ ከወሩ ቀድሞ ያልቃል። ሲያልቅ መንገዱ ወደ ሚስተር ዶሺ ቤት ነው። ሰውዬው ፀሐይ ከጠለቀች እህል በአፋቸው አይዞርም፤ ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትሪው ይቀርባል፣ ሦስቱም ይከቡታል፣ ከበሉ በኋላ ደግሞ ሒሳብ ነው። ምስሩ ግን የጉድ ነው። ሽንኩርት የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው። ሥሩ የሚበላ ነገር እሳቸው ቤት አይገባም፤ ሲነቀል አብሮ የሚጠፋ ነፍስ አለ ይላሉ። አንድ ቀን ጊንጥ በጣሳ ይዘው ከአጥር ውጭ ሲለቁ ያያቸው ጋሹ፣ «እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው» አለ። ይህን ብሎ ሲያበቃ ምስራቸውን በላ።

ራያ የሚያከብረውን ሰው ሲያስብ ያርዳል፤ ሌላ አያውቅም። ታሂር ሰብሳቢ ሆነ፣ መዋጮው ሞላ፣ ጋሹ ጎብዬ ገበያ ወርዶ ሁለት ሸጋ በሬዎች ገዛ፤ አንዱ ለእስላሙ፣ አንዱ ለክርስቲያኑ። ቀኑ ለግንቦት መጀመሪያ እሁድ ተቆረጠ። በጋሹ ግቢም ሁለት ዳስ ተጣለ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ።

በዕለቱ ጠዋት ቢላዎቹ ተስለዋል። የጋሹ ሚስት ደመቀች ከሴቶቹ ጋር የሽንኩርት ክምር ትከትፋለች። ሀስናም ልታግዝ መጥታለች። የሙንተሲር ሚስት ነበረች፤ ጦርነቱ ባሏንም በሬዎቿንም ወሰደባትና፣ መሬቷን በሌላ ሰው አሳርሳ ከምርቱ በሚደርሳት ግማሽ ልጆቿን ታሳድጋለች።

«እኛስ የት ነው የምንቀመጠው?» አለ ታሂር።

«አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ ነዋ!» አለ ጋሹ እየሳቀ።

ታሂር ሁለቱን ዳሶች አየ። ድሮ ከጋሹና ከሙንተሲር ጋር አንድ ትሪ ከበው የበሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። በዚያ ትሪ ላይ ሥጋ ስላልነበረ፣ ሥጋ ስለሌለም የእስላም የክርስቲያን የሚባል ስላልነበረ ነው።  እንግዳው ሁሉ ተጠርቷል፤ ሥጋ ከቀረ የታሂር ስም ከሮቢት እስከ ዋጃ መሳቂያ ነው። ሥጋ ከቀረበ ደግሞ ትንኝ እንዳይገድሉ አፋቸውን አስረው በኖሩት ሰው ስም ደም ሊፈስ ነው።

«ጋሹ፣ ቢላውን አስቀምጥ» አለ። «አናርድም።»

«ታመሃል እንዴ? ይሄን ሁሉ ሰው ጠርተን ምን ልናበላው?»

«ምስር። የሳቸውን ምስር።»

«ያንን? ሽንኩርት የሌለውን?»

«ወላሂ፣ ያንኑ!»

ጋሹ ደሙ ፈላ። በቁሜ አታዋርደኝ አለ፣ በሬዎቹን በእጄ ነው የመረጥኳቸው አለ። ደመቀች ግን ከጓሮ ሰምታ፣ በሽንኩርት ያበጡ ዓይኖቿን እየጠራረገች ብቅ አለች።

«ይሄን ሁሉ ክምር አስልጣችሁኝ ዛሬ ነው ያሰባችሁት?» አለችና በሳቅ ፈነዳች። «አያ ታሂር እውነቱን ነው። ጊንጥ ላልገደለ ሰው በሬ ታርዳለህ፣ ጋሹ?»

ጋሹ የታሰሩትን በሬዎች ዞሮ አያቸው። «እነዚህስ?» አለ።

 የታሂር ዓይን ምስር መልቀም ወደጀመረችው ሀስና ሄደ። ጋሹ ዓይኑን ተከትሎ አያት፤ ቢላውንም አስቀመጠ።

እንግዳው ሲሰበሰብ ታሂር ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ ትሪውንም፣ ጨርቁንም፣ ስህተታቸውንም፣ የበሬዎቹንም ነገር። ያዋጡት ሁሉ በእልልታ አጸደቁ ብል እዋሻለሁ። ያጉረመረመ ነበር፣ ቀስ ብሎ ወደ ሥጋ ቤት የሾለከም ነበር። የቀረው ግን «ይሁን!» አለ። ጋሹም ሄዶ በሬዎቹን ፈታና የሁለቱን ገመድ ሀስና እጅ ላይ አኖረው።

«እንኪ፣ ጥማድ ናቸው» አላት። «ሙንተሲር ከኛ ጋር በልቷል።»

ሀስና ገመዱን እንደያዘች ቁጭ አለች። «ያረቢ፣ ዘንድሮ መሬቴን በራሴ በሬ ላሳርስ ነው?» አለችና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ታሂርም አብሯት አለቀሰ፤ ሚስተር ዶሺን ለላከለት አምላክ በልቡ ምስጋና አደረሰ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው በሁለቱም ዳስ ተደባልቆ ተቀመጠ። ታሂርና ጋሹ በድግስ ቀን አንድ ትሪ ከበው ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው። ጋሹ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ፊቱን አጨማደደ።

«ዛሬም አይጣፍጥም» አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅሯል። ሌላ ጉርሻ ጠቅልሎ ለታሂር ዘረጋለት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱት።